ያየሁት ትልና ያላየሁት ገዳይ፦ የአንድ ክረምት የጥንቸል ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ሰኔ 24

ዛሬ ንጋት ላይ አራተኛው የጥንቸል ግልገል ሞተ። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ ስገባ ድርቆሽ ሲያኝክ ያየሁት ነው። ጠዋት በጎኑ ተጋድሞ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከጅራቱ ሥር ያለው ነጭ ጠጉር በአረንጓዴ ተቅማጥ ተለድፎ አገኘሁት። ከአራቱ ሦስቱ እንዲሁ ናቸው። አንዱ ብቻ ሳያስቀምጠው፣ ከስቶ ከስቶ ነው የሄደው።

መነሻውን ልጻፍ፣ በኋላ እንዳይምታታብኝ። ግቢያችን ከበሬሳ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቆርቆሮ መጠለያ አለን፤ እዚያ ውስጥ 4 እናቶች፣ 1 ወንድ፣ ከሦስቱ እናቶች የተወለዱ 23 ግልገሎች ነበሩ። አሁን 19 ቀርተዋል። ስድስት ሳምንታቸው ነው፤ ጡት የጣሉት በቅርቡ ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ትምህርት ተዘግቷል፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አናጢ ነው። ክረምቱን በዚህ እናሳልፋለን ብለን የጀመርነው ነገር ነው።

እኛ ቤት ጥንቸል አይበላም። እናቴ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን ጠቅሳ ገና ከመጀመሪያው ቀን ፍርዷን ሰጥታለች፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም። ገዢዎቼ አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ምግብ ቤቶችና ለማርባት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። እናቴ የምትቀበለው በጠጡን ብቻ ነው፤ ለጎመኗ ማዳበሪያ ይሆናል።

ሰኔ 25

ገዳዩን ያገኘሁት መስሎኛል። የቁጥር 3ን ኬጅ ስጠርግ በአንድ ትኩስ በጠጥ ላይ ነጭ ክር የሚመስል ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ርዝመቱ የጥፍሬን ስፋት አያክልም፣ አንድ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው። በሌሎቹም ኬጆች አለ። እናቴ ከኋላዬ መጥታ አየችና «ኮሶ ነው የሚያሻው» አለች። ኮሶ ለሰው የኮሶ ትል ነው እንጂ ለዚህ አይሆንም ብላት «አንቺ ደግሞ ትል ትል ነው» ብላ ገባች።

ኮሶውን ትቼ ወደ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ለበግ የሚሰጠውን አልቤንዳዞል ሰጠኝ፤ «ለጥንቸል ትንሽ አድርገሽ ስጪ» ከማለት በቀር ልኬት አልነገረኝም። ተቅማጡን ስነግረው አሞክሲሲሊንም ጨመረልኝ። አልቤንዳዞሉን በክብደት አስልቼ ሰጠሁ። አሞክሲሲሊኑን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጄ አልሄደልኝምና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 2

ትሉ ጠፍቷል። በአምስት ቀን ውስጥ አንድም ክር አላየሁም። በዚያው አምስት ቀን ደግሞ ሦስት ግልገሎች ሞተዋል። 16።

ሐምሌ 3

የሞተውን በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ «ቲቸር» እያለ ይጠራኛል፤ እንደ አብዛኛው ሰው ጥንቸል ስላመጣሁ አልሳቀም። ጓንት አጥልቆ እዚያው ጓሮ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከፈተው።

ቀጭን አንጀቱ አብጦ፣ ቦታ ቦታው ላይ ቀልቶ፣ በግድግዳው በኩል ነጫጭ ነጠብጣብ ይታያል። በመቀስ ሲሰነጥቀው ውስጡ ውሃ ብቻ ነው፣ የተፈጨ ምግብ የለም። ጉበቱን ገልብጦ አሳየኝና «ይሄ ንጹሕ ነው፣ ደግ ነው» አለ። በጥንቸል ጉበት ላይ ነጭ ቢጫ እባጭ ቢኖር ኖሮ የሐሞት ቱቦውን የያዘችው አይሜሪያ ስቲዴ የምትባል ጥገኛ መሆኗ ነበር፤ የኔ በአንጀት ብቻ የቀረ ነው።

ነጩን ክር ስነግረው አላንገራገረም። ስሙ ፓሳሉረስ ነው፣ በጥንቸል ዕውር አንጀትና ትልቁ አንጀት ውስጥ ይኖራል፣ ብዙ ካልሆነ በስተቀር የሚጎዳው ነገር የለም አለ። አንድ ሳምንት ያሳደድኩት ንጹሑን ኖሯል። ጥርጣሬው ኮክሲዲያ ነው፤ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ፣ የጥንቸሉ አይሜሪያ የሚባለው ወገን። በሳይንሱ ዝምድና ከወባ ጋር አንድ ወገን ነው፣ ይሄን እንኳ እኔው ራሴ 11ኛ ክፍል አስተምረዋለሁ። ትል ስላልሆነ የትል መድኃኒት አይነካውም።

አሞክሲሲሊኑን ሳነሳበት ፊቱ ተለወጠ። «በአፍ ሰጠሻቸው እንዴ?» አለኝ። ፔኒሲሊንና የሱ ዘመዶች በአፍ ሲሰጡ በዕውር አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ደገኛ ባክቴሪያዎች ይገድሉና መርዝ የሚያወጡት እንዲያይሉ ያደርጋሉ፤ ጥንቸሉን የሚጨርሰው ሕመሙ ሳይሆን መድኃኒቱ ይሆናል። መደርደሪያ ላይ የተውኩትን ብልቃጥ እቤት እንደገባሁ ከጥንቸሎቹ አካባቢ አራቅሁት።

ሐምሌ 5

የትምህርት ቤቱን ማይክሮስኮፕ በፊርማ ተረክቤ አመጣሁ። ዛሬ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ስለሆነ እናቴ «በበዓል ቀን ፋንድያ ታጥቢያለሽ?» ብትለኝም ማታ ላይ ተሸሽጌ ሠራሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የኮክሲዲያው እንቁላል መሰል ቅርፊት፣ ኦኦሲስት የሚሉት፣ ከውሃ ይከብዳል፣ ከጨው ውሃ ግን ይቀላል። ስለዚህ 400 ግራም ገደማ የወጥ ጨው በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ እስኪጠግብ አሟሟሁ፣ ሲቀዘቅዝ አጠለልኩት። ከአምስት ኬጅ የተሰበሰበ ትኩስ በጠጥ በሲኒ ውስጥ ከጨው ውሃው ጋር ደቁሼ በሻይ ማጥለያ አሳለፍኩ (ማጥለያው ከዚህ በኋላ የሻይ አይደለም፣ በቀይ ክር አስሬበታለሁ)። ቴስት ቲዩብ ውስጥ አፉ ድረስ ሞላሁ፣ ላዩ እንደ ጉልላት እስኪያብጥ፣ ከዚያ ቀጭኗን መስታወት ከላይ አስቀመጥኩ። 20 ደቂቃ። መስታወቷን አንስቼ ስላይድ ላይ።

መጀመሪያ ያየሁት ሁሉ የአየር አረፋ ነበር። ክብ፣ ዳሩ ጥቁር፣ ወፍራም። ግማሽ ሰዓት ያህል አረፋ ስቆጥር ቆየሁ። ከዚያ ብርሃኑን ዝቅ ሳደርግ ሌሎቹ ወጡ፤ እንደ ገብስ ፍሬ ሞላላ፣ ዳራቸው ቀጭንና ጥርት ያለ፣ ውስጣቸው አንድ ድቡልቡል ጥርቅም። አንዳንዶቹ በአንደኛው ጫፍ ላይ የተከፈተ ክዳን አላቸው፣ በክዳኑ ዙሪያ ደግሞ ኮሌታ የመሰለ ጉብታ፤ ይህ ኮሌታ የአይሜሪያ ማግና ምልክት ነው። በጥንቸል ላይ የሚታወቁት አይሜሪያዎች 11 ናቸው፤ ሁሉም እኩል አይገድሉም። ኢንቴስቲናሊስና ፍላቬሰንስ የሚባሉት ክፉዎቹ ናቸው፣ ማግና መካከለኛ ነች፣ ፐርፎራንስን የመሰሉት ደግሞ ያን ያህልም አይጎዱ። በኔ ዓይን ከማግና በቀር ለይቶ መናገር ድፍረት ነው።

በ1 ሚሊ ሜትር ላይ 30 ያህሉ ይደረደራሉ። ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት። ዓይኑን ከሌንሱ ሳያነሳ «ይሄ ነው እንዴ ያን ሁሉ የፈጀው» አለ።

ሐምሌ 9

ክሊኒኩ ማክማስተር የሚባል መቁጠሪያ ስላይድ አለው። 4 ግራም በጠጥ በ56 ሚሊ ሊትር የጨው ውሃ፣ ሁለቱም ክፍል ተሞልቶ በመስመሩ ውስጥ ያለው ይቆጠራል፣ ድምሩ በ50 ይባዛል፣ በ1 ግራም ውስጥ ያለው ይወጣል። 412 እና 388። ሲባዛ 40,000።

ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ አይቶ አልፈረደም። ኮክሲዲያ በጤነኛ ጥንቸልም ይገኛል፣ ቁጥሩ ከተቅማጡ፣ ከዕድሜውና ከከፈትነው አንጀት ጋር ሲገጥም ነው ትርጉም ያለው። የኔዎቹ ላይ ሁሉም ገጥሟል።

የሚጎዳበት መንገድ እንዲህ ነው። ግልገሉ ከምግብ ጋር የዋጣት ቅርፊት አንጀት ውስጥ ትፈታለች፣ ከውስጧ የወጡት ወደ አንጀቱ ሴሎች ገብተው ይባዛሉ፣ ሴሉን አፈንድተው ወጥተው ሌላ ሴል ይገባሉ። ይህ ጥቂት ጊዜ ይደጋገማል። አንጀቱ ቆዳው እንደተገፈፈ እጅ ይሆናል፤ ውሃ አይመጥ፣ ምግብ አይወስድ። በቆሰለው ቦታ ባክቴሪያ ይገባበትና ሆዱን ይነፋዋል። የተረፈው ግልገል ደግሞ ይተርፋል እንጂ አያድግም። ሚዛን ላይ ያወጣኋቸው ይመሰክራሉ፤ ዛሬ በአማካይ 610 ግራም ናቸው፣ በዚህ ዕድሜ አንድ ኪሎ ሊጠጉ ይገባ ነበር።

ሐምሌ 10

ሰልፋ፣ የኮክሲዲያው መድኃኒት፣ ተጀመረ። በመጠጥ ውሃ፣ በክብደታቸው ተሰልቶ፣ አምስት ቀን፤ አምስት ቀን እረፍት፤ እንደገና አምስት ቀን። ለጫጩት የሚሰጠው አምፕሮሊየምም ይሆን ነበር። ሐኪሙ ሁለት ነገር አጠንክሮ ነገረኝ። አንደኛ፣ መድኃኒቱ የሚያዳክመው በሰውነታቸው ውስጥ እየተባዛ ያለውን ነው፣ መሬት ላይ የወደቀውን አይነካውም። ሁለተኛ፣ መድኃኒት የወሰደ ጥንቸል ማቆያ ጊዜው፣ ማለትም መድኃኒቱ ከሥጋው የሚወጣበት ጊዜ፣ ሳያልቅ ለምግብ ቤት አይሸጥም። ለአንደኛው ገዢ ደውዬ ትእዛዙን አዘገየሁት፤ አልተደሰተም።

የጎረቤታችን ጋሼ አጥር ተደግፈው «ይሄ ነገር የኔን በጎች ይይዛል?» ብለው ጠየቁኝ። አይይዝም። አይሜሪያ ቤቷን ታውቃለች፤ የጥንቸሏ ለጥንቸል ነች፣ በግ የራሱ አለው፣ ዶሮ የራሱ። ወደ ሰውም አትተላለፍም። ጋሼ ግን እስካሁን በጎቻቸውን በኛ በር በኩል አያሳልፉም።

ሐምሌ 14

ሞት 11 ደረሰ፣ 12 ቀሩ። ከትናንት ወዲህ ግን አዲስ ተቅማጥ የለም።

ከሞቱት መካከል አንዱ ለየት ያለ ነበር። ሲከፈት በሆዱ ዕቃ ላይ እንደ አተር ፍሬ የሚያህሉ፣ ውሃ የያዙ ጥርት ያሉ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። ይህ ሌላ ታሪክ ነው። የውሻ ኮሶ ትል ልጅ ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙም «አተር መሰል» ማለት ነው። ውሻ በሳሩ ላይ ይጸዳዳል፣ ጥንቸል ሳሩን ትበላለች፣ ጥንቸሏን ደግሞ ውሻ ሲበላ ዙሩ ይዘጋል። እኔ ሳር የማጭደው ከወንዙ ዳር ነው፣ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ በሚውሉበት። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ አላጭድም፤ ከጓሯችን ካለው ትሪ ሉሰርንና ከተገዛ ድርቆሽ እሰጣለሁ። የሞተ ጥንቸልም ለውሻችን መወርወር ቀርቷል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል። ውሻው የኮሶ ትል መድኃኒት የሆነውን ፕራዚኳንቴል ወሰደ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ።

ሐምሌ 18

ለሳምንት ያህል ስጠብቀው የነበረው ሙከራ ውጤቱ ወጣ። ከዚህ ክረምት ሁሉ እኔን የለወጠኝ ይሄ ነው።

ትኩስ በጠጥ ውስጥ ያለችው ቅርፊት አትይዝም። አንድ ድቡልቡል ብቻ ነው ያላት፣ ገና ጥሬ ነች። ውጭ ወድቃ አየር፣ እርጥበትና ሙቀት ስታገኝ ውስጧ በአራት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ተላላፊ ይይዛል። ያኔ ነው የምትይዘው። ለዚህ የሚፈጀው ጊዜ እንደ ሙቀቱና እንደ ዝርያው ከአንድ እስከ አራት ቀን ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ራሱ ይገታልኛል ብዬ ነበር።

ሁለት ሳህን አዘጋጀሁ። ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበረ ፖታሲየም ዳይክሮሜት በጥብጬ (ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳያበላሸው ነው፣ ብርቱካናማ ነው፣ መርዝ ነው፣ በጓንት) ከቅርፊቶቹ ጋር ቀላቀልኩ። አንዱን ሳህን ውጭ መስኮቱ ሥር፣ ሁለተኛውን ጥንቸሎቹ ባሉበት መጠለያ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ ጋር በሚጋራው ግድግዳ ጥግ ጭድ ላይ አስቀመጥኩ። በየቀኑ ከሁለቱም ጠብታ እያየሁ ቆየሁ።

ውጭ ያለው በሦስተኛው ቀን ምንም። በሰባተኛው ቀን ጥቂቶቹ ብቻ ተከፍለዋል። የመጠለያው ግን በሦስተኛው ቀን አብዛኞቹ አራት አራት ሆነው ቁጭ ብለዋል። እጄን ጭዱ ውስጥ ሰድጄ ዳሰስኩት፤ እንደ ጠላ ድፍድፍ ሞቅ ያለ፣ እርጥብ። ምድጃው ከግድግዳው ወዲያ ቀኑን ሙሉ ይነዳል፣ ግልገሎቹ ከላይ ይተኛሉ፣ ከሥር ሽንትና በጠጥ ይቦካል።

ጭዱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በሰኔ መጀመሪያ ብርዱ ጸንቶ ግልገሎቹ ሲንቀጠቀጡ አዝኜ በየኬጁ አንድ ክንድ ጎዝጉዤ፣ እንዳይቀዘቅዝባቸው በየሁለት ሳምንቱ ብቻ ነበር የምለውጠው። ብርዱ ይከላከልላቸው የነበረውን እኔ በደግነቴ አሙቄ አሳደግሁት።

አንድ የከነከነኝ ነገር ነበር፤ ጥንቸል የራሷን ለስላሳ በጠጥ ማታ ማታ ከመቀመጫዋ በቀጥታ ትበላለች። እናቴ የጠቀሰችው «ያመሰኳል» የሚለውም ወደዚህ ሳይጠጋ አይቀርም፤ አንዴ ያለፈውን ምግብ መልሳ ትበላዋለች። ታዲያ በዚህ ራሷን አትበክልም ወይ? አትበክልም። ያ በጠጥ ትኩስ ነው፣ ለመከፈል ጊዜ አላገኘም። የሚገድለው የትናንት ወዲያው ነው።

ሐምሌ 19 እስከ 26

የርብራብ ወለል ሥራ። ሳምንት ፈጀ፣ ሁለት ቀን ይበቃዋል ብለን ነበር።

ሐሳቡ በጠጡ ሲወርድ ከግልገሎቹ ርቆ እንዲወድቅና ሥሩ ያለው ላስቲክ ላይ በየሁለት ቀኑ እንዲጠረግ ነው። ሙሉ የሽቦ ወለል ቀላሉ ነበር፣ ግን ለእግራቸው ሸካራ ነው፣ ተረከዛቸውን ያቆስላል፣ ለዚህ ብርድም አይሆንም። ወንድሜ ቀጭን ሞራሌ ሰንጥቆ በ1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት መታው። ቆንጆ ነበር። በማግስቱ በጠጡ እንደ ሚስማር ክፍተቱ ውስጥ ተቀርቅሮ አገኘሁት፤ ደረቁ ያልፋል፣ እርጥቡ ይጣበቃል። እንደገና ነቅሎ በ1.5 ሳንቲ ሜትር መታው። ሚስማር እየነቀለ ያጉረመረመውን እዚህ አልጽፈውም። የጠርዙን ስለት ግን ሳልነግረው በራሱ በመላጊያ አበረደው፣ እግራቸውን እንዳይቆርጥ።

ነፋሱን በጆንያ ጋረድነው። ውሃውን ከጣሳ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ከነጠብጣቢው ቀየርን፤ ጣሳው ውስጥ ሁሌ በጠጥ ይገኝ ነበር። ድርቆሹ ከወለል ተነስቶ በሽቦ መደርደሪያ ተሰቀለ። ፉርሽካውን ቀንሼ ድርቆሹን አበዛሁ፤ ቃጫ ያነሰበት የጥንቸል አንጀት ያለ ኮክሲዲያም ለተቅማጥ ቅርብ ነው።

ከዚያ አሮጌዎቹን ኬጆች ማጽዳት። በረኪና አፍስሼ አድሬ፣ ከፍቄ በማይክሮስኮፕ ሳይ ቅርፊቶቹ እንዳሉ ናቸው። በረኪና ባክቴሪያ ይገድላል፣ ይሄን ቅርፊት አያልፈውም። የሚያጠፋው የፈላ ውሃ፣ እሳት፣ ድርቀትና ጠንካራ አሞኒያ ነው። አሞኒያውን ሸሸሁት፣ በተዘጋ መጠለያ ውስጥ ለሰውም ለጥንቸልም ሳንባ ክፉ ነው። ብረቱን የብየዳ ባለሙያ ጎረቤት በእሳት አሳለፈልን፤ አንድ ሞራሌ አብሮ ነደደ፣ ውሃ ደፋንበት። እንጨቱን በፈላ ውሃ። ችግሩ የሐምሌ ፀሐይ የለም፤ ጣውላው ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ ቆየ። በመጨረሻ እናቴ ራሷ «እዚያ ከሚበሰብስ» ብላ ጣውላዎቹን ምድጃ ዙሪያ አቆመችልኝ፣ ኩበቱን ወደ ጎን ገፍታ። ምንም አላልኩም፣ እሷም ምንም አላለችም።

በሐምሌ 20 ከእናቶቹ ቁጥር 1ንና ቁጥር 2ን ከወንዱ ጋር አገናኘሁ። ለሁለተኛው ዙር።

ነሐሴ 3

ቆጠራ፦ 31 እና 27፣ በ50 ሲባዛ 2,900። ከ40,000 ወርዶ። ሞት የለም። 12ቱ ሰውነታቸው ቢመለስም ቁመታቸው አልተመለሰም።

ነሐሴ 21

በ31ኛው ቀን፣ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ወለዱ። ቁጥር 1 ሰባት፣ ቁጥር 2 ስድስት። የመውለጃ ሣጥኑ ውስጥ ብቻ ደረቅ ጭድ አለ፤ ሳይጎዘጎዝ አይሆንም፣ ግልገሎቹ ራቁታቸውን ናቸው። እርጥበት የነካው ጭድ በዚያው ቀን ይወጣል።

ነሐሴ 24

ከ13ቱ አንዱ ከጎጆው ተንሸራትቶ ርብራቡ ላይ ቀዝቅዞ ተገኘ። ይሄ ጥገኛ አይደለም፣ የሣጥኑ ደፍ አጥሮ ነው። ደፉ ከፍ ብሏል።

መስከረም 9

እናቶቹን ለብቻ መረመርኩ። ቁጥር 2 ጠጉሯ ያበራል፣ ትበላለች፣ ክብደቷም ደህና ነው፤ በበጠጧ ውስጥ ግን ኦኦሲስት አለ። አዋቂ ጥንቸል አንዴ ከታመመባት ዝርያ ሰውነቷ ይለምዳታል፣ ሳትታመም እየጣለች ትኖራለች። ላስወግዳት አሰብኩ። ከዚያ የሌሎቹንም አየሁ፤ ሦስቱም አላቸው። በዚህ ቢሆን ማንም አይቀርልኝም።

ጥቅምት 4

ለቅሶ ሸዋ ሮቢት ወርጄ አራት ቀን ቆይቼ ተመለስኩ። እዚያ ያለ ዘመዴም ጥንቸል ጀምሯል፣ በመሬት ላይ፣ በዚያ ቆላ ሙቀት። በጠጡን በየቀኑ ጥረግ አልኩት። በየሁለት ቀኑ የምለው ለኛ ለደገኞቹ ነው፤ እዚያ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

እቤት ስገባ ወንድሜ አንዴም አልጠረገም። የበር ሥራ ይዞ ነበር። «ንጹሕ ነው እኮ፣ ሁሉም ከሥር ነው» አለኝ። ከሥር ያለው ላስቲክ ግን ጫፉ ተጎድቦ ሞልቶ፣ ክምሩ እስከ ርብራቡ ደርሶ ነበር። ግልገሎቹ በክፍተቱ እየላሱት ነው። መስከረም 21 ጡት ጥለዋል፣ ስድስት ሳምንታቸው አልፏል፤ ባለፈው ጊዜ 11 የሞቱበት ዕድሜ።

ጠረግሁ። ዛሬ መቁጠር ዋጋ የለውም፤ ዛሬ የዋጡት በበጠጥ የሚታየው እንደ ዝርያው ከ5 እስከ 9 ቀን ቆይቶ ነው።

ጥቅምት 12

ትምህርት ስለተከፈተ ማይክሮስኮፑ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሷል። መቁጠሪያ ስላይዱን ከክሊኒኩ ተውሼ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ቆጠርኩ። ከሸዋ ሮቢት ጉዞ በፊት 46 እና 52 ነበር፣ 4,900። ዛሬ 104 እና 92፣ 9,800። እጥፍ። አንዱን ግልገል ከትናንት ወዲያ ተቅማጥ ይዞት ዛሬ ጠዋት ሞተ፤ 11 ቀሩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ወንድሜ ለሚስማር በሚጠቀምበት ጣሳ ላይ ለጠፍኩት። አንብቦ መጥረጊያውን አንስቶ ገባ።

ሰልፋ ልጀምር ወይ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁ። የሚያስቀምጠው ሌላ ካለ አዎ፣ ከሌለ ግን ሁለት ቀን ጠብቂ አለ። ሌላ የለም። 11ዱ በአማካይ 940 ግራም ናቸው።

ጥቅምት 14

አሁንም አዲስ ተቅማጥ የለም፣ መድኃኒቱ አልተጀመረም። ሌሊት ሌሊት ውርጭ መጣል ጀምሯል፣ ጠዋት የጎመኑ ቅጠል ነጭ ነው። ጭድ ልጨምርላቸው እጄ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ተመለሰ፤ በምትኩ ሁለተኛ ጆንያ ደረብን፣ አራት አራቱን በአንድ ኬጅ ሰብስበን አንዱን ሦስት አደረግን፣ ተጠጋግተው እንዲሞቁ።

መስከረም 14 የተገናኘችው ቁጥር 4 ማታ የደረቷን ጠጉር መንጨት ጀምራለች። የመውለጃው ሣጥን በፈላ ውሃ ታጥቦ ምድጃው አጠገብ እየደረቀ ነው፣ እናቴ እንዳይነድባት በየመሃሉ ታዞረዋለች።